አራት አልቤርጎ በእግር

በእግር መሄድን መዝናኛ ነው ያለው የመጀመሪያው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ባገኘው ግን የምለው አለኝ። በእኛ አገር ሰው በእግሩ ረጅም መንገድ የሚሄደው አውቶቡስ ሲያመልጠው፣ በቅሎው ሲሞትበት ወይም ስለት ሲኖርበት ነው። እኔ በእግሬ አራት ቀን ሙሉ የሄድኩት ቅጽ ላይ በጻፍኳት አንዲት መስመር ምክንያት ነው።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ንፋስ ስልክ አካባቢ በሚገኝ አንድ የአዝራር ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ፋብሪካው ባለ ሁለት ቀዳዳና ባለ አራት ቀዳዳ አዝራር ያመርታል። በስህተት ባለ ሦስት ቀዳዳ ከወጣ ረቡዕ ጠዋት በውይይት ክበብ ላይ ሂስ ይደረግበታል። እንግዲህ በዚያን ጊዜ የሠራ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ከሥራው ይልቅ ቅጹ ይበዛ ነበር። በየጊዜው ግለ ታሪክ ጻፉ እንባላለን። አባትህ ስንት ጋሻ መሬት ነበረው፣ ከአብዮቱ በፊት ምን ታስብ ነበር ይላል። እኔ ከአብዮቱ በፊት አዘውትሬ የማስበው ስለ ምሳ ነበር፤ በኋላም አልተለወጥኩም፤ ግን እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። ከቅጹ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ «የዕረፍት ጊዜዎን በምን ያሳልፋሉ?» የሚል ጥያቄ አለ። እውነተኛው መልስ «በእንቅልፍ፤ አልፎ አልፎ በካርታ ጨዋታ» ነው። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ «በንባብ» ብሎ ሲጽፍ አየሁት። ከፊቴ ያለውም «በንባብ» ብሏል። ሁላችንም አንባቢ ከሆንን ማን ያምነናል ብዬ እኔ ለየት ያለ ነገር ጻፍኩ። «ሀገሬን በእግሬ በማሰስ፤ በተለይም ቆላውንና በረሃውን» አልኩ።

የእግር ጉዞ ታሪኬን ልንገራችሁ። ብስራተ ገብርኤል ነበር የምኖረው፤ አውቶቡስ ሲጠፋ እስከ መካኒሳ አቦ ድረስ በእግሬ ሄጃለሁ። ከዚያ የራቀው ለቡ ነው። ያን ጊዜ ለቡ ገጠር ነበር። ለፋሲካ በግ ልገዛ ሄጄ፣ በጉን እየጎተትኩ ስመለስ መንገድ ጠፍቶኝ፣ ዞሬ ዞሬ ሻጩ ግቢ በር ላይ ተገኘሁ። እንደገና ወጣሁ፤ እንደገና እዚያው ተገኘሁ። በሦስተኛው ጊዜ ሰውየው በጉን ልመልስለት የመጣሁ መስሎት ከዋጋው ላይ ቀነሰልኝ። የበረሃ አሳሽነቴ ይኸው ነው።

ያቺ መስመር ከነቅጿ ፋይል ውስጥ ገብታ በሰላም ትኖር ነበር፤ ነገር የመጣው እኔ ፀዳለን ከወደድኩ በኋላ ነው። ፀዳለ በእሽግ ክፍል አዝራር ካርቶን ላይ የምትሰፋ ልጅ ናት። እሷም ወዳኛለች፤ ይህንን ስጽፍ ዛሬም ደስ ይለኛል። ችግሩ አባቷ ነበሩ። ጋሽ ተሰማ እዚያው ፋብሪካ የማሽን ክፍሉ ካፖ፣ የሠራተኞቹ አለቃ ናቸው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ከሚናገሩት የሚያዳምጡት የሚበዛ ሰው ናቸው። ከምንም ነገር በላይ ውሸታም ይጠላሉ። ከእኔ በፊት ለፀዳለ ሽማግሌ ልከው የነበሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ብሎ አሥረኛ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው መጠጥ በአፌ አልዞረም ብሎ በማግስቱ ጋሽ ተሰማ ራሳቸው ከጠጅ ቤት ሲወጣ አዩት። ሁለቱም ከደጅ ተመለሱ።

ፀዳለ አስጠንቅቃኛለች። «አባዬ ድሃ አይንቅም። መልክም አያይም። ውሸታም ግን ደጁን አያስረግጥም» አለችኝ። ትንሽ አሰብ አደረገችና «በሁለቱ አንተ አልፈሃል፤ በሦስተኛው እንዳትወድቅ» ብላ ሳቀች።

ጋሽ ተሰማ ሌላም የሚታወቁበት ነገር ነበራቸው፤ የበረሃ ሰው ናቸው። በሻይ ሰዓት ዝም ብለው ቆይተው ቆይተው፣ አንድ ሰው ስለ ሙቀት ካነሳ «ይኼ ሙቀት ነው? እኔ የተወለድኩበት በረሃ…» ብለው ይጀምራሉ። ከአባታቸው ጋር ጨው የጫኑ ግመሎች ሲነዱ፣ ውሃን በጠረኑ ሲያገኙ፣ በኮከብ ሲሄዱ። «ግመል ሲስቅ ያየ አለ? እኔ አይቻለሁ» ይላሉ። ማንም አይጠራጠርም። ውሸት የሚጠላ ሰው የሚያወራው ሁሉ እውነት ነው ብለን ነበር።

ሽማግሌ የምልክበት ቀን በጥር ወር መጨረሻ ለአንድ እሑድ ተቆረጠ። እሑዱ አሥራ አምስት ቀን ሲቀረው ፋብሪካችን ዕቅዱን ከግብ አደረሰና ኮከብ ሠራተኞች እንዲሸለሙ ተወሰነ። ሽልማቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አገርን በእግር ማወቅ። ከደጋው ጫፍ ተነስቶ፣ ገደሉን ወርዶ፣ በረሃውን ተሻግሮ፣ በማዶው ተራራ መውጣት፤ አምስት ቀን፣ አራት አዳር፣ አራት አልቤርጎ፣ ከመሪ ጋር። ይህን ያሰበው የሠራተኛ ማኅበራችን ጸሐፊ ነው። እሱ ራሱ አልሄደም፤ ስብሰባ ነበረበት።

«ከውጭ መሪ መፈለግ አያስፈልገንም» አለ ጸሐፊው ረቡዕ ጠዋት፣ የእኔን ቅጽ ከፍ አድርጎ። «መሪው ከመካከላችን ተገኝቷል!» መስመሬን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበባት።

ያኔ መነሳትና «ጓዶች፣ ስጽፍ ትንሽ አጋንኜ ነው» ማለት ይቻል ነበር። ትንሽ ሂስ፣ ትንሽ ሳቅ፣ አለቀ። ነገር ግን ጋሽ ተሰማ ከፊተኛው መቀመጫ ዞረው አዩኝ። ልጃቸውን እንደምፈልግ ከሰሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት ነበር ያዩኝ።

«በረሃውን ታውቀዋለህ እንዴ?» አሉኝ።

«እንዴታ!» አልኩ።

ከዚያች ቃል ወዲያ መመለሻ የለም። ጋሽ ተሰማም ከኮከብ ሠራተኞቹ አንዱ ስለነበሩ «ጥሩ ነው። ሰው በመንገድ ነው የሚታወቀው፤ አብሬው እሄዳለሁ» አሉ። ልጅ ሊሰጡ የሚያስቡ አባት ይህን ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ አዳራሹ ሁሉ ገብቶታል።

ለፀዳለ እውነቱን ነገርኳት። «ለአባዬ ዛሬውኑ ንገረው» አለች። «ከጉዞው መልስ» አልኳት። እኔ የራሴ ስሌት ነበረኝ። ጋሽ ተሰማ የበረሃ ልጅ ናቸው። እኔ መንገድ ብስት እሳቸው ዝም አይሉም። ከፊት እየሄድኩ ፊታቸውን አያለሁ፤ ልክ ከሆንኩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከተሳሳትኩ ይቆጣሉ። ሞኝ ሰው ምክንያት አያጣም።

ሰባት ሆነን ተነሳን። ከሰባቱ ሦስቱ በጣም ዝምተኞች ስለነበሩ በዚህ ወግ ውስጥ ባይገቡ አይከፋቸውም። የቀሩት እኔ፣ ጋሽ ተሰማ፣ የኤሌክትሪክ ክፍሉ ሱሌማን ከነትራንዚስተር ራዲዮው፣ እና የጽሕፈት ክፍሏ ወይዘሮ አልጣሽ ነን። ወይዘሮ አልጣሽ ሻንጣ ይዘው፣ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርገው ነው የመጡት። ሻንጣውን ሳነሳው ከበደኝ። «ምን አለበት?» አልኳቸው። «ካውያ ነው። አልቤርጎ ለአልቤርጎ ልብሴ ተጨማዶ ልታይ እንዴ?» አሉኝ። የከሰል ካውያ ነበር። እኔ መሪ ስለሆንኩ የመሸከሙ ክብር ለእኔ ደረሰ።

ኪሴ ውስጥ የፋብሪካው ነዳፊ ከተማሪ ካርታ ላይ የገለበጠልኝ ወረቀት አለ። የአምስት ቀን መንገዳችን በዚያ ካርታ ላይ የአውራ ጣቴን ጥፍር ታህላለች። ሌላው ኪሴ ውስጥ ደግሞ ከቀበሌ የወጣ የሁላችንም የይለፍ ወረቀት አለ። በየትኛው ቀን በየትኛው ቦታ እንደምናድር ስሙ ተዘርዝሯል፤ ገደል አፋፍ፣ ሾላ ውሃ፣ ቆላ ገበያ፣ ላይ አምባ። ያን ጊዜ ወረቀትህ ላይ ያልተጻፈ ቦታ መገኘት ቀላል ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን በደህና አለፈ፤ ምክንያቱም መንገዱ የመኪና መንገድ ነበር። ገደል አፋፍ ስንደርስ የአልቤርጎው ባለቤት ከበር ወጥቶ አቧራችንን አየና «ምጽ! መኪናችሁ የት ላይ ተበላሸ?» አለን። አልተበላሸም አልነው። «ተገለበጠ?» አለ። አልተገለበጠም፤ መኪና የለንም፤ ለመዝናናት በእግራችን ነው አልነው። ሰውየው ለረጅም ጊዜ ካየን በኋላ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። እሷም ወጥታ አየችን። አልጋዎቹ መካከላቸው ጎድጉዶ ስለነበር የትኛውም ጥግ ብትተኛ ተንከባልለህ መሐል ላይ ትደርሳለህ፤ ትኋኖቹም እዚያው ነው የሚጠብቁህ።

በሁለተኛው ቀን ቁልቁለቱ ጀመረ። ገደሉ ቀይ ነው፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ታች ወንዙ እንደ ክር የቀጠነ። ውብ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ እኔ ካውያ ተሸክሜ ስለነበር የማየው እግሬን ነው። ጥቂት እንደወረድን መንገዱ ሁለት ላይ ተከፈለ። ካርታው ስለዚህ ምንም አይልም። ቆምኩ። ወደ ግራው አንድ እርምጃ ገባሁና ቀስ ብዬ ጋሽ ተሰማን አየኋቸው። ጋሽ ተሰማም አዩኝ። ከዚያም ያቺን አዎ የምንልባትን ትንፋሽ ወደ ውስጥ «እህ» ብለው ሳቡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በግራ ነው!» አልኩ በሙሉ ድምፅ።

ማታ ሾላ ውሃ የገባነው እንዲያው በዕድል ነው፤ አሁን ሳስበው ሁለቱም መንገዶች እዚያው ይገናኙ ነበር። የአልቤርጎዋ ባለቤት እማማ የሚባሉ ዓይነት ደግ ሴት ናቸው። ሰባት ሰው ከአዲስ አበባ በእግሩ፣ አቧራ ለብሶ፣ አንዲት ሴት የጫማዋ ተረከዝ ተሰብሮ እያነከሰች ሲያዩ ለመጠየቅ እንኳን አልቆሙም። ነጠላቸውን ገልብጠው ለበሱና «እኔን! ማን ሞተባችሁ?» ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ማንም አልሞተብንም ልንል አፋችንን ስንከፍት ወይዘሮ አልጣሽ ቀደሙን። እኚህ ሴት ብቻቸውን እያለቀሱ ዝም ብሎ ማየት ነውር ሆነባቸውና አብረው አለቀሱ። ጎረቤት መጣ። ደረት ተመታ። ሱሌማን ራዲዮውን በኩታ ሸፈነው። ከዚያ በኋላ እውነቱን የሚናገር ጀግና አልተገኘም፤ ራታችንም ንፍሮ ሆነ። ጠዋት ስንሸኝ ባለቤቲቱ ወይዘሮ አልጣሽን «ለመሆኑ ሟቹ ምንሽ ነበር?» ብለው ጠየቋቸው። «አጎቴ» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ፤ አጎታቸው ሳር ቤት አካባቢ ደህና ሆነው ይኖሩ ነበር።

ሦስተኛው ቀን የበረሃው ቀን ነው። ወንዙ ጋ ስንደርስ መሻገር አለብን ወይስ የለብንም? ጋሽ ተሰማን አየኋቸው፤ እሳቸውም አዩኝ። እኔ ወደ መሻገሪያው ሳይሆን ወደ ወንዙ ዳር ስላዘነበልኩ «እህ» ብለው ትንፋሽ ሳቡ። ዳር ዳሩን ሄድን። ከዚያ ደረቅ ሸለቆ ገባን። ሸለቆው ሌላ ሸለቆ ወለደ። በየመታጠፊያው እኔ እዞራለሁ፣ እሳቸው ይነቀንቃሉ። እኔም እንዲህ ያለ አገር አዋቂ ከኋላዬ እያለ ምን አስፈራኝ እያልኩ ልቤ ይሞላል።

ቀትር ላይ ውሃችን ሊያልቅ ሲል ፍየል የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ቆላ ገበያ ስንት ሰዓት ይወስዳል አልነው። አገጩን ወደ ፊት ሰንዘር አድርጎ «እዚችው ናት! ደረሳችሁ እኮ» አለን። ይህ ሰው ሊያታልለን አይደለም። የደከመ መንገደኛን ሩቅ ነው ብሎ ልቡን መስበር በእኛ አገር ጭካኔ ነው። ሁለት ሰዓት ሄደን ሌላ ሰው ጠየቅን፤ እሱም በአገጩ «እዚችው ናት» አለ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሄደን አንዲት እንጨት ለቃሚ ጠየቅን፤ እሷም አዘነችልንና «እዚችው» አለችን። እንዲህ በደግ ሰዎች ርኅራኄ ልናልቅ ነበር። ወይዘሮ አልጣሽ የሱሌማንን ነጠላ ጫማ አድርገዋል፤ ሱሌማን በካልሲ ነው። የራዲዮው ድንጋይ አልቋል፤ ማንም ግን አልናፈቀውም።

ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ከኮረብታ ሥር ጥቂት ቤቶች ታዩ። «ቆላ ገበያ!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም አጨበጨበልኝ። ጋሽ ተሰማ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። «መሪ ማለት እንዲህ ነው» አሉ። በዚያች ሰዓት ፀዳለን የተሰጠኝ ያህል ተሰማኝ።

መንደሩ መግቢያ ላይ ጠብመንጃ የያዙ ሁለት የገበሬ ማኅበር ጠባቂዎች ቁሙ አሉን። ወስደው ዋርካ ሥር አስቀመጡን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መጣ፤ ቀጭን፣ ንቁ፣ ነገር ፈጥኖ የሚገባው ሰው ነው። የይለፍ ወረቀታችንን እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበበ።

«እዚህ ላይ ቆላ ገበያ ይላል» አለ።

«አዎ፣ ጓድ» አልኩ።

«ይኼ ድንጋይ በር የሚባል መንደር ነው። ቆላ ገበያ ከወንዙ ማዶ ነው። ለምን አልተሻገራችሁም?»

ካርታዬን አውጥቼ ገለባበጥኩ። «ከአዲስ አበባ ለምን መጣችሁ?» አለ። ለመዝናናት አልኩት። «በእግር?» አለ። በእግር አልኩት። «መኪና ሳይበላሽ?» ሳይበላሽ። «ሰው ሳይሞትባችሁ?» ወይዘሮ አልጣሽ አንገታቸውን ደፉ። ሊቀ መንበሩ ዕቃችንን አስፈተሸ። «ሰባት ሰው» አለ በጣቱ እየቆጠረ፣ «አንድ ካርታ፣ አንድ ራዲዮ፣ አንድ ካውያ። እናንተ ብትሆኑ ታምናላችሁ?» እውነቱን ለመናገር እኔም አላምንም።

ሊቀ መንበሩ አሰበና ፍርዱን ተናገረ። «ከመካከላችሁ አገር የሚያውቅ ካለ፣ ነገሩ እንዳላችሁት ነው ብዬ እለቃችኋለሁ። ከሌለ ግን ከአውራጃ ሰው እስኪመጣ እዚሁ ትቆያላችሁ። ሳምንትም ይሁን ሁለት ሳምንት።» ከዚያም ከጀርባው ያለውን ትልቅ ተራራ አሳየ። «መሪያችሁ ይንገረኝ። የዚህ ተራራ ስም ማን ይባላል?»

ወደ ጋሽ ተሰማ ዞርኩ። «ጋሼ፣ ይንገሩት እንጂ» አልኩ በሹክሹክታ።

«አንተ ንገረው» አሉ እሳቸውም በሹክሹክታ። «መሪው አንተ አይደለህ?»

«እኔማ እርስዎን እያየሁ አይደል የመጣሁት!»

«እኔስ ማንን እያየሁ የመጣሁ ይመስልሃል?»

እርስ በርስ ተያየን። ሦስት ቀን ሙሉ የተያየነውን ያህል በዚያች ደቂቃ ተያየን። «እርስዎ የበረሃ ልጅ አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው። ጋሽ ተሰማ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

«መካኒሳ ነው የተወለድኩት» አሉ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነበር። እኔ ታላቅን «መንገዱ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ መሪነቴን ያሳጣኛል ብዬ፣ እሳቸው ደግሞ ወጣቱን በሰው ፊት ማረም ክብሩን መንካት ነው ብለው፣ ከዚያም በላይ የሚያርሙት ነገር ሳይኖራቸው፣ ሁለት የማያውቁ ሰዎች እየተከባበርን አምስት ነፍስ በረሃ ውስጥ አስገብተናል።

«ምን ትንሾካሾካላችሁ?» አለ ሊቀ መንበሩ። ያኔ ወይዘሮ አልጣሽ በቅንነት «ጋሽ ተሰማ ያውቁታል፤ እሳቸው የበረሃ ሰው ናቸው» አሉ። ሁሉም ወደ ጋሽ ተሰማ ዞረ። ፊታቸውን አየሁት። ያን የሚያህል ረጅም ሰው ተጨማዶ ነበር። አሳዘኑኝ። የፈለገ ይምጣ ብዬ ተነሳሁ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ የተራራውን ስም አላውቅም። ይህን አገር ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም። ቅጽ ላይ ዋሽቼ ነው መሪ የሆንኩት። እሳቸው የሚያውቁት ሌላውን በረሃ ነው፤ ይህኛውን አውቀዋለሁ ብዬ ያታለልኳቸው እኔ ነኝ።» አንዱን ውሸት ተናዝዤ ስጨርስ ሌላ አንድ ጨመርኩ ማለት ነው። ለዋናው ነገር ግን ሁሉም ምስክር ሆኗል፤ እኔ ውሸታም ነኝ። ውሸታም ደግሞ ፀዳለን አያገባም።

ሊቀ መንበሩ የይለፍ ወረቀታችንን አጠፈው። ከዚያ ሳቁ መጣበት። «እኔ ሰርጎ ገብ መስላችሁኝ ነበር» አለ። «ሰርጎ ገብ ግን መንገድ ያውቃል።» በዚያው ሰውየው የዋህ ሆነ። በማኅበሩ የእህል ጎተራ አሳደረን፤ ሦስተኛው አልቤርጎዬ እሱ ነው፤ ከአራቱም ትኋን የሌለበት እሱ ብቻ ነበር።

ጠዋት ወደ ላይ አምባ ሽንኩርት ከምትወስድ ነጋዴ ጋር ላከን። ሴትዮዋ ሁለት አህያ እየነዳች፣ ጀርባዋ ላይ ቅርጫት አዝላ፣ ያንን ዳገት ስትወጣ እኛ ከኋላዋ እናለከልካለን። መሐል ላይ ቆም ብላ ጠበቀችንና «እውነት ግን ለምንድነው የምትሄዱት?» አለች። ለመዝናናት አልናት። ቅርጫቷን አስተካከለች። «እኔ ታዲያ በየሳምንቱ ስዝናና ኖሬያለሁ ለካ!» አለች።

ጋሽ ተሰማ ከዚያ ወዲህ አላናገሩኝም። ላይ አምባ አደርን፤ በማግስቱ አውቶቡስ ያዝን፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ቃሊቲ ስንደርስ ብቻ «ካውያውን እንዳትረሳ» አሉኝ።

ረቡዕ በውይይት ክበብ ላይ ግለ ሂስ አደረግኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «እንዴታ» ሆነ። ስሙስ ይሁን፤ የእኔ ጭንቅ እሑድ ነው። አጎቴን ሽምግልናው ይቅር ብዬ ለመንኩት። «ቀን ተቆርጦ አይቀርም» አለኝ። «እምቢ ሲሉ ሰምተን በወጉ እንመለሳለን፤ ሳይሄዱ መቅረት ግን ልጅቷን ማዋረድ ነው።» ስለዚህ እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች መካኒሳ አቦ አጠገብ ወዳለው የጋሽ ተሰማ ቤት ሲገቡ፣ እኔ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሻዬን ሳልጠጣ አቀዘቀዝኩት።

ግማሽ ሰዓት እንዳለፈ አጎቴ ራሱ መጣ። ፊቱ ግራ የተጋባ ነው። «ተነስ፤ ልጁን ጥሩት ብለዋል» አለኝ። እንዲህ ያለ ወግ የለም፤ ሽማግሌ ሲገባ ልጁ አይቀርብም። «ተቆጥተዋል?» አልኩት። «አላውቅም። ስንገባ ተቀመጡ አሉን፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ጉዳያችንን ሰሙ። ከዚያ ወዲህ ተቀመጡ አላሉንም። እንደቆምን ነን» አለኝ።

ገባሁ። ጋሽ ተሰማ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተጠግተው ቆመዋል። ከመጋረጃው ጀርባ የፀዳለና የእናቷ የእትዬ ላቀች እግር ይታያል።

«በእነዚህ ሰዎች ፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ ጋሽ ተሰማ። «እኔ የተወለድኩት የት ነው?»

በረሃ ብል፣ ውሸታም ከሚጠሉ ሰው ፊት ቆሜ መዋሸቴ ነው። መካኒሳ ብል፣ አባትን በገዛ ቤታቸው፣ ሚስትና ልጃቸው እየሰሙ ማዋረዴ ነው። ወደ መጋረጃው አየሁ። የፀዳለ እግር አይንቀሳቀስም።

«ጋሼ» አልኩ፣ «አላውቅም ብል እዋሻለሁ። ነገር ግን የእርስዎ ነገር ነው፤ ከእርስዎ አፍ ካልሆነ ከእኔ አፍ አይወጣም። ለዚህም ልጅዎን ቢከለክሉኝ ምን አደርጋለሁ።»

ጋሽ ተሰማ ጉልበታቸውን በእጃቸው ያዙ።

«መካኒሳ ነው የተወለድኩት» አሉ ለሽማግሌዎቹ። «ከዚህ ወንዙን ተሻግሮ። በረሃ ማለት ምን እንደሆነ ያወቅኩት በዚህ ወር ነው። ፋብሪካ በልጅነቴ ስገባ ሠራተኛው ሁሉ ከሩቅ ነው የመጣው፤ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከጉራጌ አገር። ሁሉም የሚያወራው አገር ነበረው። እኔ ከአጥሩ ማዶ ነው የመጣሁት። የማወራው አልነበረኝም። አንድ ቀን በረሃ አልኩ፤ ከዚያ መመለስ አቃተኝ። ይህ ልጅ አውቆ ሸፈነኝ። በእኔ ፋንታ ተዋረደ። እኔ ስንቱን ውሸታም ከዚህ ደጅ መለስኩ?»

ከመጋረጃው ጀርባ እትዬ ላቀች ወጡ። «አሁን ሳምንት ሙሉ እህል የዘጋኸው ለዚህ ነው?» አሉ። «እኔን ያገባኸኝ ከዚያው ሰፈር አይደለም እንዴ! እናትህ ግቢ አይደል እንዴ ውሃ ስቀዳ ያደግኩት!» ፀዳለ አፏን በነጠላ ይዛ ትስቃለች። እሷም ታውቅ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ በኋላ ብጠይቃት «የአባቴን ገመና ገና ላላገባኝ ሰው ላውጣ?» አለችኝ።

ጋሽ ተሰማ ሚስታቸውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው እጃቸውን ወደ መቀመጫው ዘረጉ።

«ምን ያስቆማችኋል? ተቀመጡ እንጂ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ቃሉን ሰምተው ገና ሳይንቀሳቀሱ፣ እኔ ቀድሜያቸው መቀመጫው ላይ ቁጭ አልኩ። አጎቴ በድንጋጤ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «ተነስ አንተ! ታላቅ ቆሞ?»

«ተዉት» አሉ ጋሽ ተሰማ፤ «ብዙ መንገድ ነው የመጣው።»